ቁስልና ቅብ፦ የጎጃም ገበሬ ገጽ በመድረክና በፊልም

ስለ አንድ ተውኔት ወይም ፊልም ሒስ በሚጻፍበት ጊዜ ሚዛን ላይ የሚወጡት አብዛኛውን ጊዜ ድርሰቱ፣ ዝግጅቱና ትወናው ናቸው። ስለ ሙዚቃው አንድ ሁለት ዐረፍተ ነገር ይታከላል፤ አልባሳቱ ከዘመኑ ጋር መጣጣማቸው ወይም አለመጣጣማቸው ይነሣል። የገጽ ቅቡ ነገር ግን በዝምታ ይታለፋል። ሜካፕ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሙያ ተዋንያንን የማሳመርና ወጣቱን የማሸበት ተግባር ብቻ ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ስለ ይዘትና ቅርጽ በሚደረገው ክርክር ውስጥ እምብዛም ቦታ አያገኝም። ይህ አመለካከት ሊታረም ይገባዋል። ተመልካች ከቃለ ተውኔቱ አስቀድሞ የሚያነበው ገጽን ነው፤ ባለታሪኩ አፉን ከመክፈቱ በፊት ዕድሜውን፣ የኑሮ ደረጃውን፣ የዋለበትን ሥራና የደረሰበትን በደል ፊቱና እጁ ይናገራሉ። እነዚህ ሐሰት ከተናገሩ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቃል ምንም ያህል ቢያምር ተአማኒነቱን ያጣል።

እዚህ ላይ የሚመረመረው አንድ የተወሰነ የገጽ ቅብ ዓይነት ነው። ይኸውም በአልኮል እየረጠበ የሚሠራው፣ ቁስልን፣ ብልዘትን፣ ቃጠሎን፣ ጠባሳንና የኑሮ እድፍን ለማሳየት በዓለም የፊልም ሥራ የተለመደው ቀለም ነው። የመመርመሪያው ሥፍራ ደግሞ ምዕራብ ጎጃም፣ በተለይም ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና በዙሪያቸው ያለው ገጠር ነው። ሥፍራው የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የአማርኛ ልብ ወለድ ትልቁ ገበሬ የተወለደው በዚህ አካባቢ ነው፤ ገበሬውን ከመጽሐፍ ወደ ምስል ለማውጣት የሚነሣ ከያኒ ሁሉ የገጽ ጥያቄ የሚገጥመውም በመጀመሪያ እዚሁ ነው።

ከማንኩሳ የሚነሣ ገጽ

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ ማንኩሳ ትገኛለች። ይህችን ሥፍራ ጎጃምን በእግሩ ያልረገጠ አንባቢ እንኳ ያውቃታል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የቦጋለ መብራቱና የውድነሽ በጣሙ ልጅ በዛብህ የተገኘው ከዚያ ነውና። መጽሐፉ ለብዙ ሺህ አድማጭ የደረሰው በኅትመት ብቻ አልነበረም። ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተረከው ጊዜ፣ ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ሳይቀር የራሱን በዛብህ፣ የራሱን ሰብለ ወንጌልና የራሱን ጉዱ ካሣ በልቡ ሥሏል። ሬዲዮ ገጽ የለውም። አድማጩ ለፊታውራሪ መሸሻ ያበጀው ፊት ምናልባት የአካባቢው ባላባት ፊት ነበር፤ ለአበጀ በለው ያበጀው ደግሞ የአጎቱ ወይም የጎረቤቱ ነበር።

ልብ ወለዱ በቅርብ ዓመታት ለቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በቅቷል፤ ወደፊትም ሌሎች ከያንያን በየበኩላቸው እንደሚሞክሩት አያጠራጥርም። ማንም ይሞክረው ማን፣ ከሬዲዮው ትረካ በኋላ የሚመጣ የምስል ሥራ የሚወዳደረው ከመጽሐፉ ጋር ብቻ አይደለም። ተመልካቹ በልቡ ካኖራቸው ገጾች ጋርም ይወዳደራል። ለዚህ ውድድር የሚበቃው ደግሞ የተዋናዩ መልክ ማማር አይደለም፤ ገጹ በልብ ወለዱ ውስጥ የተዘረጋውን የማኅበራዊ ኑሮ ልዩነት ተሸክሞ መገኘቱ ነው።

ልዩነቱ በዝርዝር ሲታይ ጉዳዩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ፊታውራሪ መሸሻ ጥላ የሚያዝላቸው ሰው ናቸው፤ የፊታቸው ቆዳ ፀሐይ አልመታውም፣ መዳፋቸው ዕርፍ አልጨበጠም። ቦጋለ መብራቱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሞፈር የተከተለ ገበሬ ነው፤ መዳፉ በዕርፍ የጠጠረ፣ ተረከዙ በበጋ የተሰነጣጠቀ፣ ከቁምጣው በታች ያለው ቅልጥሙ በእሾህና በቆንጥር የተጫረ ሊሆን ይገባዋል። በዛብህ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ አኩፋዳ አንግቶ ከደጅ ደጅ የለመነ ተማሪ ደግሞ በእግሩ ላይ የውሻ ንክሻ ጠባሳ ቢኖር ማንም የጎጃም ሰው አይደነቅም። ሰብለ ወንጌል መነኩሴ መስላ ከቤቷ ስትወጣ፣ ጥላ ሥር ያደገ ገጿ ከመንገዱ ፀሐይና አቧራ ጋር ቀን በቀን መለወጥ ይኖርበታል። በመጨረሻም በዛብህን በሞት አፋፍ ላይ ስታገኘው፣ በሁለቱም ገጽ ላይ የተጻፈው ያለፈው መንገድ ሁሉ ነው።

በመድረካችንና በፊልማችን በብዛት የሚታየው ገበሬ ግን ከዚህ ርቆ የቆመ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጋቢ የለበሰ የከተማ ፊት ነው። ጥርሱ የነጣ፣ ጥፍሩ የተስተካከለ፣ ጢሙ በመቀስ የተከረከመ ሲሆን፣ ድህነቱ እንዲታወቅ ጉንጩ ላይ አመድ ወይም ቡናማ ዱቄት ይበተንበታል። ከዚህ የከፋው ደግሞ እድፉ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ አራሹ፣ እረኛው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ በአንድ ብሩሽ ይቀባሉ። ሥራ በሰው ገላ ላይ የየራሱን ምልክት እንደሚተው ቀቢው አላጠናም ማለት ነው። አንጥረኛውን ከሸክላ ሠሪዋ የሚለየው የእድፉ ብዛት አይደለም፤ አንዱን የእሳት ፍንጣሪ ያቃጠለው ክንዱ ላይ ሲሆን፣ የሌላዋ ጭቃ ከጥፍሯ ሥር የደረቀ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራ ገበሬ ድሃ መሆኑ ይታወቃል፤ ሠራተኛ መሆኑ ግን አይታወቅም። ሰፊውን አርሶ አደር በድህነቱ ብቻ ማሳየት ከነድካሙና ከነሙያው እንዳይታይ መከልከል ነው።

የቅቡ ታሪክና አሠራር

የገጽ ቅብ ቴክኒክ ከመብራትና ከካሜራ ዕድገት ጋር ተያይዞ የተለወጠ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ ሉድቪግ ላይሽነር የተባለው ጀርመናዊ የኦፔራ ዘፋኝ በቅባት የተለወሰ ቀለም በዱላ መልክ ሠርቶ ለመድረክ አቀረበ። ይህ ቅብ ወፍራም ነው፤ ከሩቅ ለተቀመጠ ተመልካች መስመሩ ጎልቶ እንዲታይ ታስቦ የተሠራ ነው። የፊልም ካሜራ ፊትን አቅርቦ ማሳየት ሲጀምር ግን ወፍራሙ ቅባት ጭምብል መሰለ። ማክስ ፋክተር የተባለው የሜካፕ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1914 ለፊልም የሚሆን ቀጭን የቅባት ቀለም፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ለባለቀለም ፊልም የሚሆን በውሃ የሚረጥብ ደረቅ ቅብ አወጣ። የኋለኛው ቀላልና ፈጣን ቢሆንም አንድ መሠረታዊ ድክመት አለው፤ በውሃ የተሠራ ቅብ በውሃ ይፈርሳል፤ ላብና ዝናብ ጠላቶቹ ናቸው።

በአልኮል የሚረጥበው ቀለም ለዚህ ድክመት የተገኘ መልስ ነው። መነሻው ለፊልም ተዋንያን ገላ ጊዜያዊ ንቅሳት ለመሥራት የተደረገው ሙከራ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ኬኒ ማየርስ የተባለው አሜሪካዊ የሜካፕ ባለሙያ ስኪን ኢለስትሬተር በሚል ስም ያወጣው ዓይነት በብዙ አገር የቀረጻ ሥፍራዎች ተሠራጨ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የቀለም ዱቄት በአልኮል ብቻ ከሚሟሟ ሙጫ ጋር ተዋሕዶ በትንንሽ ጉድጓዶች በተከፈለ ሰሌዳ ላይ ይደርቃል። ሠራተኛው ብሩሹን በአልኮል ነክሮ ደረቁን ቀለም ያነቃዋል፤ የነቃውን ቀለም በገላ ላይ ሲያሳርፈው አልኮሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ይተንና ቀለሙ እንደ ቀጭን ሽፋን ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ይህን ሽፋን ውሃና ላብ አያሟሙትም፤ የሚለቀው በአልኮል ወይም ለዚሁ በተዘጋጀ የቅባት ማስለቀቂያ ነው።

ሁለተኛው ባሕርይው ግልጽነቱ ነው። ቅባት ቆዳን ይሸፍናል፤ ይህ ግን ቆዳውን ያሳልፋል። ስለዚህ አንድ ቁስል የሚሠራው በአንድ ቀለም ሳይሆን በተደራረቡ ስስ ውሃ መሰል ሽፋኖች ነው። አንዱ ሽፋን ደርቆ ሌላው ይጨመራል፤ በጠንካራ ብሩሽ ጫፍ እየተፈናጠረ ወይም በተሸረፈ ስፖንጅ እየተነካካ ነጠብጣቡ ይበተናል። ሕያው ቆዳ አንድ ወጥ ቀለም የለውም፤ ደም ሥሩ፣ ቀዳዳው፣ ፀሐይ የመታውና ያልመታው ሁሉ ለየብቻው ይታያል። ቅቡ ይህን ዝብርቅርቅ ሲከተል ካሜራው ቢቀርብም አይጋለጥም። ቀለሙ ብቻውን ግን ከፍታ አይሰጥም። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የቋጠረ ቁስል ሲያስፈልግ ቅርጹ በቅድሚያ በሲሊኮን፣ በጄላቲን ወይም በላቴክስ ይሠራና ገላ ላይ ይለጠፋል፤ የአልኮሉ ቀለም የተለጠፈውን ከተፈጥሮው ቆዳ ጋር አስማምቶ ድንበሩን ይሠውራል።

ይህ ጥበብ በዓለም ዘንድ የደረሰበትን ክብር ለማመልከት ያህል፣ ዲክ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1970 በቀረበው «ሊትል ቢግ ማን» ፊልም ላይ ወጣቱን ደስቲን ሆፍማንን የ121 ዓመት ሽማግሌ አድርጎት ነበር። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ ለሜካፕ ቋሚ ሽልማት የመደበው ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ለወጡት ፊልሞች ሲሆን፣ የመጀመሪያው ተሸላሚም ሪክ ቤከር ነበር። እዚያም ቢሆን ሙያው እውቅና ያገኘው ከብዙ ዝምታ በኋላ ነው ማለት ነው።

ጠይም ገላና የውጭ ሰሌዳ

ቴክኒኩን መውሰድና የቴክኒኩን ሚዛን መውሰድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለቁስል የሚዘጋጁት ሰሌዳዎች ለረጅም ጊዜ የተመጠኑት በነጭ ቆዳ ላይ ለሚታይ ቁስል ነው። በነጭ ቆዳ ላይ የተመታ ሥፍራ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ሐምራዊና ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ይሸጋገራል። ይህ ቅደም ተከተል ደም ከቆዳ ሥር ፈስሶ የሚበላሽበት የተፈጥሮ ሂደት ስለሆነ በጠይም ገላም ውስጥ ይካሄዳል፤ ለዓይን የሚታየው ግን ሌላ ነው። በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ይደበዝዛል፤ ብልዘቱ ከቆዳው ቀለም ይልቅ የጠቆረ፣ ወደ ወይን ጠጅና ወደ ጥቁር ሐምራዊ ያደላ ሆኖ ይታያል፤ አረንጓዴውና ቢጫው ፈጽሞ ላይታይ ይችላል። እብጠቱና በላዩ ላይ ያለው የቆዳ መወጠር ደግሞ ከቀለሙ የበለጠ ይናገራል። በአንጻሩ ቆዳው የተላጠበት ሥፍራ ወይም የተቃጠለ አካል ከዙሪያው ነጥቶና ሐምራዊ ሮዝ ሆኖ ጎልቶ ይወጣል፤ ጠባሳውም ለዓመታት ወይ ጠቁሮ ወይ ነጥቶ ይኖራል።

እንግዲህ ከውጭ የመጣውን ሰሌዳ ከነመመሪያው ተቀብሎ በጎጃም ገበሬ ጉንጭ ላይ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ የሚያኖር ቀቢ የሚያሳየው የሌላ ሰው ቁስል ነው። ተመልካቹ ስሕተቱን በስም ባይጠራውም ይሰማዋል፤ ጭፈራ ቤት ውስጥ እንደተቀባ ፊት ይመስለዋል፤ ማዘን በሚገባው ሥፍራ ላይ ይስቃል። ብዙ የአገራችን የድብድብና የጦርነት ትዕይንቶች ከተመልካች ሳቅ የሚቀበሉት ሁልጊዜ በትወናው ድክመት አይደለም። ሰሌዳው በራሱ ጥፋት የለበትም። ጠቆር ያሉት ቀለሞች፣ ቡናማው፣ ወይን ጠጁና ደም መሰሉ ጥቁር ቀይ በውስጡ አሉ። የሚጎድለው ጠይም ቁስልን የተመለከተ ዓይን ነው። ይህ ዓይን ደግሞ የሚገኘው ከውጭ ፊልም ሳይሆን በየወረዳው ጤና ጣቢያ ለዓመታት ቁስል ካጠቡ ነርሶችና የጤና መኮንኖች ዘንድ ነው።

ንቅሳቱም በዚሁ ጥያቄ ሥር ይመደባል። በጎጃም ገጠር በዕድሜ የገፉ እናቶች አንገታቸውን በመስመር የተነቀሱ፣ ድዳቸው የጠቆረ፣ አንዳንዶቹም በግንባራቸው መስቀል ያለባቸው ናቸው። ጥላሸትና የቅጠል ጭማቂ በመርፌ ወይም በእሾህ ቆዳ ውስጥ ገብቶ የተሠራው ያ ጥበብ ከዕድሜ ጋር ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ይደበዝዛል፤ ጠርዙም ይበተናል። በፊልም ውስጥ የ70 ዓመት እናት ሆና የምትጫወት ተዋናይ አንገቷ ላይ እንደ ቀለም እስክሪብቶ የደመቀና የጠራ ጥቁር መስመር ሲሣልባት ዕድሜዋን የሚያፈርሰው ንቅሳቱ ነው። በአልኮል የሚረጥበው ቀለም ለዚህ የተሠራ ያህል ይስማማዋል፤ ስስ ሽፋን ይሰጣል፣ ይደበዝዛል፣ በላብም አይሄድም። በተቃራኒውም ዘመናዊ ንቅሳት በክንዱ ላይ ያለበትን ወጣት ተዋናይ የጥንት ገበሬ ለማድረግ ሲያስፈልግ ንቅሳቱን የሚሸፍነው ይኸው ቀለም ነው።

በቡሬ ዝናብና በጎጆ እሳት መካከል

ስለ ቅብ የሚሰጥ ትምህርት ብዙውን ጊዜ መስታወትና አምፖል ባለበት ክፍል ውስጥ ይጀምራል፤ እዚያው ያልቃል። የገጠር ቀረጻ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በምዕራብ ጎጃም ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጥለው ዝናብ ጠዋት የተሠራ የውሃ ቅብን ከረፋዱ በፊት አጥቦ ይወስዳል። ከወይና ደጋው ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ደግሞ ላቡ ያንኑ ያደርጋል። ዓባይን የሚሻገር ባለታሪክ ገላው ላይ ያለው ቁስል ከወንዙ ማዶም ያው ቁስል ሆኖ መውጣት አለበት። የአልኮሉ ቀለም ዋነኛ ጥቅም እዚህ ላይ ይታያል። ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል ስለማይቀረጽ፣ የሦስተኛው ቀን ጠባሳ ከመጀመሪያው ቀን ቁስል በፊት ሊሠራ ይችላል። ስለዚህ ቀቢው እያንዳንዱን ቁስል በታሪኩ ቀን ቆጥሮ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ የተጠቀመባቸውን ቀለሞች በቅደም ተከተል መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። ማስታወሻ የሌለው ቀቢ በግራ ቅንድብ ላይ የነበረውን ቁስል ማግስቱን በቀኝ ያደርገዋል።

የአልኮሉ ነገርም ራሱን የቻለ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለዚህ ሥራ የሚመረጠው 99 በመቶ ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ውሃ ስለሆነ ቀለሙን በደካማው ያነቃል፣ ቀስ ብሎም ይደርቃል፤ በችግር ጊዜ ግን ያገለግላል። በጎጃም ቤት የሚወጣው አረቄ፣ ዳግም የተጣራው እንኳ ሳይቀር፣ ከግማሽ በላዩ ውሃ በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ለማቃጠያ ተብሎ የሚሸጠው መርዝ የተጨመረበት አልኮል ደግሞ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳ ስለሆነ በሰው ገላ አጠገብ ሊደርስ አይገባውም።

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው እሳቱ ነው። የአይሶፕሮፒል አልኮል ትነት ከ12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ጀምሮ እሳት ሊይዝ ይችላል። ይህ የሙቀት መጠን ለገጠሩ ጎጆ ዝቅተኛ ነው፤ እሳት ከነደደበት ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ፣ በር ዘግቶ፣ ኩራዝ አብርቶ የሰውን ፊት በአልኮል ማራስ አደጋን መጥራት ነው። ቅቡ ደጅ ላይ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ሥር ሊሠራ ይገባል፤ ተዋናዩም ወደ ምድጃው የሚገባው ገላው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው። ቀለሙ ዓይን ውስጥና እውነተኛ ቁስል ላይ መግባት የለበትም፤ በአልኮል የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው እንዳለም በክንድ ላይ አስቀድሞ ሊሞከር ያስፈልጋል። በስኳርና በምግብ ቀለም የተበጀ ሰው ሠራሽ ደም ደግሞ ማር በሚቆረጥበት አገር ዝንብና ንብ የሚጠራ መሆኑን ከከተማ የመጣው ቡድን የሚማረው በቀረጻው ዕለት ባይሆን ይመረጣል።

እዚህ ላይ የሥነ ምግባር ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ተዋናዩ ስለ ጤናው የሚናገርበት የሙያ መብት አለው፤ ለቀን አበል ተጠርቶ ከሕዝቡ መካከል የሚሰለፈው ገበሬ ግን ፊቱ ላይ የሚቀባው ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚለቅ፣ ቆዳውን ቢያቃጥለው ለማን እንደሚናገር አይነገረውም። በውሃና በሳሙና የማይለቅ ቁስል ተቀብቶ ወደ ቤቱ የሚላክ ሰው ልጆቹን ያስደነግጣል። ማስለቀቂያው ከቅቡ ጋር እኩል መገዛት ያለበት፣ የቀረጻው ቀን ሲያልቅም ቀቢው ከሥፍራው መጨረሻ የሚነሣ ሰው ሊሆን የሚገባው ስለዚህ ነው።

እውነተኛውን ገበሬ ማቅረብ አይበቃምን?

ይህን ሁሉ የሚሰማ አንድ ተከራካሪ «ተዋናይን ገበሬ ለማድረግ ይህን ያህል ከመድከም ገበሬውን ራሱን ማቅረብ አይሻልም ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በአገራችን የፊልም ታሪክም ታላቅ ምስክር አለው። ኃይሌ ገሪማ የ1966ቱ ለውጥ ትኩስ በነበረበት ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ ፊልም የቀረጸው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ለተመልካች የቀረበው ይህ ፊልም ከሠላሳ ዓመት በኋላ በ2006 በጣልያን አገር በቦሎኛ ታድሶ እንደገና የታየው፣ በውስጡ ያሉት ፊቶች ዕድሜ ስለማይሽራቸው ጭምር ነው። የማንኛውም ቀቢ ብሩሽ እነዚያን ግንባሮች ሊያርስ፣ እነዚያን መዳፎች ሊያጠጥር አይችልም።

ነገር ግን የዚሁ ደራሲና አዘጋጅ ሌላው ሥራ የክርክሩን ሁለተኛ ገጽታ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የወርቅ ፈረሱን ያገኘው «ጤዛ» በአሥርተ ዓመታት መካከል ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ታሪክ ነው። ባለታሪኩ አንበርብር በጀርመን አገር በዘረኞች ጥቃት አንድ እግሩን አጥቶ፣ አንክሶ ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰ ምሁር ነው። ዕድሜንና የአካል ጉዳትን በአንድ ሰው ገላ ላይ ማፈራረቅ ያለ ጥበብ አይቻልም። እውነተኛ ገበሬ ለካሜራ ሊቀርብ ይችላል፤ እውነተኛ ቁስል ግን ለካሜራ ተብሎ በማንም ላይ አይደረግም። ኑሮ በገላ ላይ የጻፈውን ገላው ያሳይ፤ በደል የጻፈውን ግን ጥበብ ሊያሳየው ይገባል። ስለዚህ መፍትሔው ከሁለቱ አንዱን መጣል ሳይሆን ድንበራቸውን ማወቅ ነው። እውነተኛ መዳፍ ያለውን ሰው በዱቄት ማቆሸሽ ስድብ የሚሆነውን ያህል፣ ቁስልን በግዴለሽነት መቀባትም ስድብ ነው።

ቁስል የታየበት አገር

በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የሚመሩት የጎጃም ጦር በተከዜ አካባቢ የፋሺስቱ አውሮፕላን በጣለው የሰናፍጭ ጋዝ ተመታ። ከጦሩ ጋር ወደ ሽሬ ግንባር ከዘመቱት መካከል አንዱ ወጣቱ ሐዲስ ዓለማየሁ ነበሩ። የጎጃምን ገበሬ በልብ ወለድ ያቆሙት ደራሲ የዚያኑ ገበሬ ገላ በጦር ሜዳ አይተውታል ማለት ነው። የሰናፍጭ ጋዝ ቁስል በልዩ ጠባዩ ይታወቃል፤ ወዲያው አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ያሳክካል፣ ይቆጣል፣ ከዚያም ቢጫ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያወጣል፤ ዓይን ያብጣል፤ የዳነውም ሥፍራ ጠቁሮ ይቀራል። በአርበኝነት ላይ በተመሠረቱ ተውኔቶቻችንና ፊልሞቻችን ግን ቆስሎ የሚወድቀው ሁሉ ደረቱ ላይ ቀይ ቀለም ፈስሶበት ነው። አንድ ሕዝብ የተሠራበት ወንጀል የራሱ መልክ አለው፤ መልኩ በቀይ ቀለም ሲተካ ወንጀሉም ስም አልባ ይሆናል። ሲሊኮኑና የአልኮሉ ቀለም እንዲህ ላለው ትዕይንት ሲውሉ የቴክኒክ ትርኢት መሆናቸው ይቀርና የታሪክ ማስረጃ ይሆናሉ።

ቁስሉ የሩቅ ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸውና በርካቶች መቁሰላቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት የሆነ ከተማ ነዋሪ ቁስል ምን እንደሚመስል ከፊልም አይማርም። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ሰው ሠራሽ ደም ይዞ የሚመጣ የቀረጻ ቡድን ከተመልካቹ ይልቅ ያወቀ መስሎ ሊታየው አይገባም። ለማስደንገጥ ብቻ የተጋነነ ቁስል፣ ካሜራው ያለ ምክንያት የሚዘገይበት የተቀደደ ሥጋ፣ በጎዳና መካከል ሕዝቡ ሳይነገረው የሚካሄድ የደም ትዕይንት፣ ሁሉም ሐዘን ያልወጣለትን ሰው ዳግመኛ ማቁሰል ነው። ለነዋሪው አስቀድሞ መናገር፣ ሕፃናትን ማራቅ፣ የተቀባውን ተዋናይ ሸፍኖ ማመላለስ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሙያ ግዴታ ነው።

ከዚህ የሚከተለው የቅርጽ ውሳኔ ነው። ልከኛ ቁስል ከተጋነነው ቁስል የበለጠ ይናገራል። በጥንቃቄ የተሠራ አንድ የበለዘ ጉንጭ፣ በሦስተኛው ቀን ቅርፊት የያዘ አንድ ጭረት፣ በመጨረሻው ትዕይንት ላይ ነጥቶ የቀረ አንድ ጠባሳ ጊዜ ማለፉንና ሰውየው መትረፉን ያሳያል። ደም በባልዲ ሲፈስ ግን የሚታየው ደሙ እንጂ ሰውየው አይደለም። በአልኮል የሚረጥበው ቀለም ስስ ሆኖ መሠራቱ፣ ቆዳውን ሳይሸፍን ማሳለፉ፣ በትዕግሥት እየተደራረበ መዋሉ ከዚህ ልከኝነት ጋር የሚስማማ ባሕርይ ነው። የማጋነን ፍላጎት ያለው ቀቢ በዚህም ቀለም ቢሆን ማጋነኑ አይቀርም፤ መሣሪያው ዓይንን አይተካምና።

በሥራ ላይ ያሉትና ወደፊትም በየከተማው የሚከፈቱት የቴአትርና የፊልም ትምህርት ቤቶች የገጽ ቅብን ከማሳመር ትምህርት ለይተው፣ ከታሪክ፣ ከሕክምናና ከገጠር ኑሮ ጥናት ጋር አያይዘው ሊሰጡት ይገባል። የባህል ጽሕፈት ቤቶችና የኪነት ቡድኖች በየአካባቢያቸው ያለውን የንቅሳት ዓይነት፣ የሥራ ምልክት፣ የጸጉር አሠራርና የጠባሳ መልክ ፈቃድ እየጠየቁ በፎቶግራፍ ቢያሰባስቡ፣ ለአንድ ፊልም ብቻ ሳይሆን ለትውልድ የሚሆን መዝገብ ይወጣዋል። ሐያስያንም በበኩላቸው «ሜካፑ ጥሩ ነበር» ብለው ከማለፍ ይልቅ የማን ቁስል፣ በስንተኛው ቀን፣ በምን ገላ ላይ እንደተሠራ ይጠይቁ። ማንኩሳ ተወልዶ በመጽሐፍና በሬዲዮ የኖረው ገበሬ በምስል ሲመጣ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሰው ገና ሲያየው የሚያውቀው ሰው ሆኖ ካልተገኘ ለሌላው ተመልካችም እንግዳ ሆኖ ይቀራል።